አፏን ዘግታ የዘፈነችው

ዘፈን አልችልም። ድምፄ ቆርቆሮ በድንጋይ ሲፋቅ ነው የሚመስለው። ይህንን ያለችው የባሌ እህት ናት፤ ያውም በሠርጌ ቀን፣ ያውም ሰው ሁሉ ባለበት። እውነት ቢሆንስ በሠርጌ ቀን ይነገራል? ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷና እኔ ዓይንና ናጫ ነን።

ዘፈን የማይችል ሰው የካራኦኬ ቤት ከፈተ ብለው የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። የወንድ ሱሪ የምትሸጥ ሴት ሁሉ ሱሪውን ትለብሰዋለች እንዴ? ባሌ ከበሮ መቺ ነበር። ሲሞት የተወልኝ ሁለት ትልልቅ ስፒከርና አንዲት ሴት ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ሥራ አስያዝኳቸው።

ቤታችን ሦስት ክፍል ነው። ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያመልጥ ግድግዳውን በወፍራም ስፖንጅ አልብሰነዋል። ልጄ ማሽኑን ትይዛለች። እኔ በሩን፣ ሶፋውንና የሰውን ጠባይ እይዛለሁ። የማይኮቹን ኮፍያ በየቀኑ በሳሙና አጥቤ እንደ ሕፃን ካልሲ ገመድ ላይ አሰጣለሁ፤ እኔ ቤት የሌላ ሰው ምራቅ እያሸተተ የሚዘፍን ደንበኛ የለም። አቅሉን የሳተ ሰካራም ወደ ማይኩ ሲጠጋ እኔም ወደ እሱ እጠጋለሁ። እስከ ዛሬ የተከራከረኝ የለም።

በየዓመቱ ደግሞ ለዘፈን ባለመብቶች ማኅበር የሚከፈለውን እንከፍላለን። ማኅበሩ ያንን ለዘፋኙ፣ ግጥሙን ለጻፈው፣ ዜማውን ላወጣው፣ መሣሪያውን ለተጫወተው ያካፍላል። ስንከፍል አያመኝም ብል ውሸቴን ነው፤ ጥርስ እንደመነቀል ያመኛል። ግን ባሌ መዳፉ ተልጦ ቤት ሲገባ፣ እሱ የተጫወተበትን ካሴት አባዝቶ የሚቸረችረው ሰውዬ መኪና ሲቀይር በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን አይቼ የሰው ላብ በነፃ አልሸጥም። በቃ።

እንዲህ ተከባብረን ስንኖር ብልጭልጩ መጣ።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጫማው ያበራል፣ ፀጉሩ ያበራል፣ ጥርሱ ያበራል። ከመንገዱ ማዶ ልክ በፊታችን ካራኦኬ ቤት ከፈተና በሩ ላይ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሳይቀር ቀይ አረንጓዴ የሚል አምፖል ሰቀለ። ዋጋውን የእኛን ግማሽ አደረገው። የመጀመሪያው ዘፈን በነፃ፣ የልደት ቀን ከሆነ ሁለተኛውም በነፃ። እሱ ምን ቸገረው? ለማንም አይከፍል! ደንበኞቻችን አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። አንዳንዶቹ እኔን እንዳያዩ አንገታቸውን ቀብረው ነበር የሚያልፉት። እኔ ግን በስማቸው እየጠራሁ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እንዲቆጠቁጣቸው።

አንድ ጠዋት ልጄ ባዶው ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ፣

«እማዬ፣ ቁርጡን ልንገርሽ» አለችኝ። «አከራዩ ውሉን ታድሳላችሁ ወይስ ትለቃላችሁ እያለኝ ነው። እስከ ወር መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። በዚህ አያያዛችን ማደስ አንችልም።»

«እና?»

«ወይ እንደሱ እንሥራ፣ ወይ እንዝጋ። የእሱን ዘፈኖች በአንድ ፍላሽ የሚገለብጥልኝ ሰው አለ። ክፍያውን ለጊዜው እንተወው።»

«ለጊዜው ሌባ እንሁን ነው የምትይኝ?»

«ኤዲያ እማዬ! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ሁሉም ያንቺ እናት አይደሉም። ከምሰርቅ እዘጋለሁ። ከመዝጋቴ በፊት ግን እዚያ ማዶ ያለውን አምፖል ካላጠፋሁ እኔ ሴት አይደለሁም።»

ነጠላ ጫማዬን በሽፍን ጫማ ቀይሬ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። በየዓመቱ የእኛን ቤት የምትጎበኘው እሷ ስለሆነች ታውቀኛለች። ገና ተቀምጬ ሳልጨርስ፣

«ስለ ማዶው ቤት ነው አይደል እማማ?» አለችኝ። «ሄጄበታለሁ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ። ከዚያ ‹የማጫውተው ባለቤት የሌለው የጥንት ዜማ ነው፤ አጃቢዎቹም የራሴ ሙዚቀኞች ናቸው› አለኝ። ኪቦርድ ሁሉ አሳየኝ።»

«አመንሽው?»

«አላመንኩትም። ግን የእኔ አለማመን ማስረጃ አይሆንም። ከሰው ሥራ ላይ የተቀዳ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ያግኙልኝ፤ እኔ በዚያው ቀን አሽገዋለሁ። አንዱ እየከፈለ ሌላው ሳይከፍል እኩል ተወዳደሩ ማለት አይቻልም።»

«ይህንን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» ብያት ተነሳሁ። ደግ ልጅ ናት፤ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችኝም።

በማግሥቱ ምሳ እንዳለፈ መንገዱን ተሻግሬ ብልጭልጩ ቤት ገባሁ። ተደብቄ አይደለም፤ በፊት ለፊት በር፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ማዘር! እንኳን ደህና መጡ!» አለ እጁን ዘርግቶ። «ሊዘፍኑልን ነው?»

«ማዘር እናትህን በላት። እኔ የመጣሁት ሰው ሳይሠራ እንዴት እንደሚከብር ልማር ነው።»

«ይማሩ፣ ይማሩ! ትምህርቱም በነፃ ነው» አለና ጥርሱን አበራብኝ። ዓይን አውጣ ነው። ጥግ ላይ ኪቦርዱን አየሁት። አቧራው ላይ ሰው ጣቱን ቢያሳርፍ አሻራው ይቀራል፣ ገመዱ ደግሞ ከግድግዳው ሶኬት አጠገብ አልደረሰም።

አንድ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የጠቀለለ ጎረምሳ ማይኩን ይዞ ይዘፍን ነበር። ዜማውን አውቀዋለሁ፤ የማያውቀው የለም። አዝማቹ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ አብሮት ይጮሃል። ሁለተኛው አንጓ ላይ ጎረምሳው ከጓደኞቹ ጋር ሲላፋ ቃሉ አመለጠውና ዝም አለ። መሣሪያው ቀጠለ። እዚያ ክፍተት ውስጥ፣ ከመሣሪያው ሥር፣ አንዲት ሴት ስትዘፍን ሰማሁ። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው፣ ቀጭን፣ ሩቅ። ጎረምሳው ቃሉን አግኝቶ ሲጮህ ጠፋች።

ድምፁ የባሌ እህት ነው፤ ድሮ ዘፋኝ ሳለች ይህንን ዘፈን በካሴት ያወጣችው እሷ ናት። የወደድኩት ድምፅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር፤ የጠላሁትን ግን ውኃ ውስጥ ቢሆንም እለየዋለሁ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት ግንባሯን መታች።

«ገባኝ! ከድሮው ካሴት ላይ የዘፋኟን ድምፅ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ፤ መሣሪያውን ብቻ ያስቀራል። እኛ ከፍለን የሚሰጠን መጀመሪያውኑ ያለ ድምፅ የተዘጋጀ ነው። የእሱ ግን የተፋቀ ነው። ሙልጭ ብሎ አይጠፋም እኮ እማዬ፣ እንደ ዘይት እድፍ ነው። ብታጥቢውም ጥላው ይቀራል።»

ለተቆጣጣሪዋ ስልክ ደወልን።

«እሱ ‹የቀጠርኳት አጃቢ ናት› ሊል ይችላል» አለች። «ባለድምጿ ራሷ መጥታ፣ እኔ ባለሁበት፣ ሰው ባለበት የእኔ ነው ካለችና ካስረዳች ግን አለቀለት። የማን ድምፅ እንደሆነ ያውቃሉ?»

ልጄ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«አክስቴ ጋ መሄድሽ ነው» አለች ልጄ ከንፈሯን ነክሳ። ስቃ እንዳትሞት ፈራሁ።

የባሌ እህት መዝፈን ካቆመች ወዲህ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው የሚቆምባት ናት፤ እኔ ቆምኩ። የሰው ሱሪ ላይ ዚፕ እየቀየረች ነበር፤ አፏ በስፒል ተሞልቷል። ቀና ብላ አየችኝና እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሳ፣

«አለሽ እንዴ?» አለችኝ በጥርሷ መሐል።

«አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

«ምን ተበላሸብሽ? ቀሚስ ነው ወይስ ጠባይ?»

«ጠባዬ ላንቺ ልክ ተብሎ የተሰፋ ነው፤ ንክች እንዳታደርጊው። አንድ ነገር ልነግርሽ መጥቼ ነው። ካሴትሽን ቀድቶ፣ ድምፅሽን ፍቆ፣ ዘፈንሽን የሚሸጥ ሰው አለ። ከእኔ ቤት ፊት ለፊት።»

መርገጫው ቆመ። አሁን ትጮሃለች፣ አሁን መቀሱን ትወረውራለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ይዘፍኑታል?» አለችኝ።

«ማን?»

«ልጆቹ። ዘፈኔን ይዘፍኑታል?»

«ይዘፍኑታል።»

«ቃሉን ያውቁታል?»

ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ያልፍላቸዋል፣ ምን ያቅታቸዋል ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እኔም ልክ አለኝ። ደግሞም ያየሁት ሌላ ነው።

«አዝማቹን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሉት» አልኳት።

ስፒሎቹን ከአፏ እየነቀለች መርፌ መስኪያዋ ላይ ሰካቻቸው። «ካሴቱ ከሱቅ ሲጠፋ አብሬ የጠፋሁ መስሎኝ ነበር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለሱሪው። ከዚያ ድምጿን አጠነከረች። «ላንቺ ብዬ አይደለም የምመጣው።»

«ለእኔ ብለሽ ብትመጪ በር እዘጋብሽ ነበር።»

«ያ ቆርቆሮ ድምፅሽ ዛሬም አልተሻለውም» ብላ መርገጫውን ረገጠች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲሞላ ጠብቀን ገባን። ተቆጣጣሪዋ ሁለት ባልደረቦቿን ይዛ ቀድማ ተቀምጣለች። ብልጭልጩ ከቁብም አልቆጠራቸው፤ ለስላሳ አስከፍቶላቸዋል። ልቡ አብጧል፤ ባለቤት የሌለው ዘፈን እያለ ደጋግሞ ሲያወራው ራሱም ሳያምነው አልቀረም። የባሌን እህት ሲያያት ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እንደቀረ ነበርና፣

«ማዘር ዛሬ ደግሞ ልብስ ሰፊ አመጡልን? መጋረጃ አላዘዝንም እኮ!» አለ። ሳቁለት።

«ልትዘፍን ነው» አልኩት። «የመጀመሪያው በነፃ ነው አላልክም?»

«ቃሌ ነው! የቱን ላስገባልዎት እትዬ?»

ጉልበቷን ያማታል፤ ወንበር አስጠግታ ተቀመጠችና የዘፈኑን ስም ነገረችው። አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ይህቺ እንኳን ትከብድዎታለች። ልጆቹም ዜማው ከፍ ሲል ያቅታቸዋል።»

«ሞክሬው አውቃለሁ» አለችው።

መሣሪያው ገባ። ድምጿ እንደ ድሮው አይደለም፤ ወፍሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል። ኋላ ያሉት ጎረምሶች መጀመሪያ እርስ በርስ ተጓሸሙ። ሁለተኛው መስመር ላይ መጓሸሙን ተዉት። አዝማቹ ሲደርስ አብረዋት አልጮሁም፤ አዳመጧት። እኔም ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰብኝ። ቃር ነው አልኩ።

ሁለተኛው አንጓ ሊጀምር ሲል ማይኩን አወረደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አፏን ዘጋች። እጆቿን አጣጥፋ ብልጭልጩን ማየት ጀመረች።

ዘፈኑ ቀጠለ። ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ፤ ቃል በቃል፣ መስመር በመስመር። መጀመሪያ ሰው አልገባውም። ከዚያ አንዷ ልጅ፣ «አፏን አየኸው? አፏን እይማ!» ስትል ቤቱ እንደ ሌሊት ጭር አለ። የሚሰማው መሣሪያውና ያቺ ከጉድጓድ የምትጣራው ሴት ብቻ ሆኑ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አደረገች። «ይህቺ የምትዘፍነው ማን ናት?»

«ኤ... ኤኮ ነው!» አለ ብልጭልጩ። «ማሽኑ ድምፅ ይይዛል። አንዳንዴ እንደዚህ ያደርጋል።»

«ኤኮ ገና ያልተዘፈነውን ይዘፍናል?»

«አይ... ማለቴ አጃቢዬ ናት። ቀጥሬ ያስቀዳኋት ልጅ ናት።»

«ስሟ ማን ነው?»

ወደ ኪቦርዱ አየ፤ ኪቦርዱ ምን ይርዳው!

«አታስጨንቂው ልጄ» አለች የባሌ እህት። «አጃቢውን እኔ አውቃታለሁ። ይልቅ ጸጥ በሉ፤ አሁን ልትስቅ ነው።»

«ማን ናት የምትስቀው?» አለ ብልጭልጩ።

እሷ ጣቷን አነሳች። መሣሪያው ወደ ሦስተኛው አንጓ ዞረ። ከበሮው በመሐል ድንገት ቆመ፤ ያኔ ከስፒከሩ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት አፏን በእጇ ይዛ እንደምትስቅ፣ ክትክት አለች። ሳቋ አጭር ነው፤ ግን ቤቱ ውስጥ ያልሰማው የለም። ከበሮው ተጣድፎ ገባ።

«የቀዳን ዕለት የከበሮ መቺው ወንበር ተሰብሮ እሱ መሬት ላይ ተዘረጋ» አለች። ማይኩን አላነሳችም፤ አላስፈለጋትም። «እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ መምታቱን ቀጠለ። ደግመን የምንቀዳበት ጊዜ ስላልነበረን እንደዚያው ቀረ። ከበሮ መቺው ወንድሜ ነው። ባለቤት የለውም ያልከው ዘፈን ይህ ነው፤ ባለቤቱ ፊትህ ተቀምጣለች። የወንድሜም ሚስት እዚያ ቆማለች።»

ባሌ ስለዚያ ወንበር አንድም ቀን አልነገረኝም። ያ ተጣድፎ የገባው ከበሮ የእሱ ነው፤ ለእራት ሲያረፍድ ደረጃውን የሚወጣው ልክ እንደዚያ ነበር። ብልጭልጩ የሰረቀው የእሷን ብቻ መስሎኝ ነበር። የእኔንም ነበር ለካ!

ቤቱ በጭብጨባ ፈነዳ። ጎረምሶቹ ወንበር ላይ ቆሙ። ያ ሸሚዙን የጠቀለለው ልጅ መጥቶ፣ «እትዬ፣ እውነት እርስዎ ነዎት? እናቴ እኮ ይህንን እየሰማች ነው ያሳደገችኝ» አላት። እሷ «እናትህን እድሜዋን አትናገርባት» አለችው፤ ግን እጁን አልለቀቀችም።

የብልጭልጩ ቆሌ ተገፈፈ። ተቆጣጣሪዋ ድምጿን ሳታሰማ ሥራዋን ሠራች። ፍላሹን አስነቀለች፣ ማሽኑን አሸገች፣ ሰው ፊት አስፈረመችው፣ ያለፈውንም ጭምር እንደሚከፍል ነገረችው። እኔ ቆሜ አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ማዘር፣ እርስዎ ነዎት ይህንን ያመጡብኝ» አለኝ በር ላይ።

«እኔ ምን አደረግሁህ? ደንበኛ አመጣሁልህ እንጂ።»

ከዚያ የሆነውን እኔ አላዘዝኩም። የባሌ እህት እያነከሰች መንገዱን መሻገር ጀመረች፤ ቤት ሙሉ ሰው ከኋላዋ ተከተላት። መኪኖች ቆመው አሳለፉን። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሕዝቡን ስታይ እጇን በአፏ ጫነች። ሦስቱም ክፍል ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ሰው ቆመ። እኔ የማይክ ኮፍያ ልሰበስብ ወደ ገመዱ ስሮጥ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«ነገ ለአከራዩ እናድሳለን እለዋለሁ» አለችኝ።

«ምን ለነገ ታሳድሪዋለሽ? አሁን ደውዪለት። ይህ ጫጫታ በስልክ ይሰማው።»

ደወለች። እኔም ስልኩን ተቀብያት፣ «ውልህን አዘጋጅ፣ ጣሪያህ ግን ያፈሳልና አስጠግን» አልኩት። ባለድል በሆንኩበት ቀን ያላስጠገንኩትን መቼ ላስጠግን ነው?

የባሌ እህት ዘፈኗን እኛ ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። አዝማቹን ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ አላት፤ እኔም ከበሩ አጠገብ አብሬ አልኩ። ከስንት ሰው ድምፅ መሐል የእኔን ለይታ ሰማችና በማይኩ፣ «ማናት ቆርቆሮ የምትፍቀው?» አለች። ሰው በሳቅ ወደቀ። አልመለስኩላትም። እመልሳለሁ፤ የትም አትሄድም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ትዘፍናለች፤ ማኅበሩም መዝግቧት ድርሻዋን ትቀበላለች።

አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት የብልጭልጩ በርም ተከፍቷል። እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ መስታወቱ ላይ አዲስ የክፍያ ተለጣፊ ይለጥፋል፤ እንደ ሁላችን ከፍሎ የተሰጠው። አጠገቡ የተሰቀለውን ዋጋ ልጄ አነበበችልኝ። ከእኛ ጋር እኩል ነው። ደሜ ይፈላል ብዬ ነበር፤ አልፈላም። እንደውም ረሃብ የመሰለ ነገር ያዘኝ፣ ደስ የሚል ረሃብ።

«ተንጋዷል!» ብዬ ጮህኩበት ከማዶ።

ደንግጦ ዞረ። «ምኑ ማዘር?»

«ተለጣፊው! በግራ በኩል ከፍ አድርገው!»

ላጠው፣ ከፍ አደረገው፣ በመዳፉ ዳበሰው። «አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው። ውረድና እንወዳደር!»